ቲቸር ቤት የዋለችበት ክረምት

ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ቃል አይስትም፣ አይንተባተብም። መምህርቷ ቀስ ብላ መዳፏን መስመሩ ላይ አሳረፈች። ልጁ ቀጠለ። የተሸፈነውን መስመር ጨርሶ የሚከተለውንም ተወጣው። ቀና ሲል ሌሎቹ ልጆች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ነገሩ ሲገባው እሱም ሳቀ። በመስከረም አራተኛ ክፍል ይገባል።

«ሰነፍ እንዳይመስልህ» አለችኝ ቲቸር። «ክፍል ውስጥ ሲነበብ የሰማውን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያነብ ያሳለፈው።»

ቀኑ ሐምሌ 8፣ የሥላሴ ንግሥ ማግስት ነው። ትናንት ትምህርት አልነበረም፤ ሰፈሩ ነጭ ለብሶ አራት ኪሎ ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ነው የዋለው። ዛሬ ዝናቡ ከረፋዱ ጀምሮ አላባራም። ባሻ ወልዴ በኩል ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ፣ በሩ ላይ የልጆች ጫማ በተከመረበት ቤት፣ ሳሎኑን ስምንት ልጆች ሞልተውታል። ሁለቱ የራሷ ናቸው፤ አንዷ የእህቷ ልጅ ናት፤ የቀሩት የጎረቤት። ጥግ ላይ እናቷ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከሰል ያራግባሉ፤ ከሰሉ ላይ እሸት በቆሎ ይጠበሳል።

ቲቸር በመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ታስተምራለች። ስሟን እንዳልጽፍ የጠየቀችኝ በፍርሃት አይደለም። «ስሜ ከወጣ ሰፈሩ በሙሉ ልጁን እየጎተተ ይመጣል፤ ቤቴ ደግሞ ሁለት ክፍል ነው» ነው ያለችው። ክፍያ አትቀበልም። ወላጆቹ ግን ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ አንዷ ቡና፣ ሌላዋ ስኳር፣ በቆሎውም ከጎረቤት የመጣ ነው።

ፊደል መቁጠርና ማንበብ ለየቅል መሆናቸውን የድሮ የኔታዎች አሳምረው ያውቁ ነበር። ሕፃን «ሀ ሁ ሂ» እያለ ሲዘልቅ አንደበቱ ይሮጣል እንጂ ዓይኑ ፊደሉ ላይ ላይኖር ይችላል። ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ የሚመጣው ለዚህ ነው። አቡጊዳ የለመደውን ዜማ ያፈርስበታል፤ ከአንዱ ፊደል ግእዙን፣ ከሚቀጥለው ካዕቡን፣ ከሌላው ሣልሱን እየወሰደ ያደናግረዋል። በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ከዚያ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያ ንባብ ቤት ግእዙ፣ ውርድ ንባቡና ቁም ንባቡ እያለ ዳዊት ድረስ ይዘልቃል። በዱላውና በቁንጥጫው የሚቆጨኝ ብዙ ነገር አለ፤ በአቡጊዳ ግን ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ልጁ በእርግጥ ማንበቡን የሚፈትን መሣሪያ ከመቶ ዓመታት በፊት እጃችን ላይ ነበር።

ቲቸር የቆየውን ዘዴ ሳትንቅ ትጠቀምበታለች። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከመጥረጊያ የተመዘዘች ስንጥር ይዘዋል፤ የሚያነቡትን ፊደል በስንጥሯ ካልነኩ አንብባችኋል አይባሉም። ግድግዳው ላይ ተስፋ ገብረ ሥላሴ የሚል ስም ያለበት የፊደል ገበታ ተለጥፏል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ከቡልጋ አዲስ አበባ መጥተው ፊደል በእጃቸው እየጻፉ ከመሸጥ የተነሱ፣ በኋላም በማተሚያ ቤታቸው ገበታውን ለአገር ያዳረሱ ሰው ናቸው። ከአንድ ትውልድ በላይ የሆነ አንባቢ የመጀመሪያውን «ሀ» ያየው እሳቸው ባሳተሙት ወረቀት ላይ ነው።

ገበታው ላይ 33 ፊደላት በሰባት ቤት ተደርድረዋል፤ 231 መሆናቸው ነው፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ለሕፃን ከባዱ ቁጥሩ አይደለም። ካዕብና ሣልስ በጎናቸው ላይ በተቀጠለችው ምልክት ይለያሉ፤ ሳድስ ግን እንደየፊደሉ ነው፤ አንዱ አንገቱ ይሰበራል፣ አንዱ ጎኑ ይጎብጣል፣ ሌላው እግሩን ያነሳል። የቲቸር የእህት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ከሳድስ ጋር ስትታገል ነው የሰነበተችው። ከዚያ ደግሞ መጥበቅና መላላት አለ። ጽሕፈታችን አያሳየውም። «ገና አልመጣም» የሚለውንና «ገና ደረሰ» የሚለውን ልጁ ለይቶ የሚያነበው ዓረፍተ ነገሩ ከገባው ብቻ ነው። ቲቸር የማስተዋል ፈተናዋን በዚህ ታካሂዳለች። «ምን ተረዳህ?» ብላ አትጠይቅም። ድምፁን ትሰማለች፤ የላላውን ካጠበቀ እንዳልገባው ታውቃለች።

የዚህ ቤት ጭንቀት የአገር ጭንቀት ነው። በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባን ጨምሮ በስምንት ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ሲመዘን፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው የቀረበላቸውን ጽሑፍ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ውጤቱ ትምህርት ሚኒስቴርን አስደንግጦ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ንባብን ማዕከል አድርገው እንደገና እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆኗል። የዓለም ባንክ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መረጃ፣ በኢትዮጵያ አሥር ዓመት ገደማ ከሆናቸው ልጆች 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ገምቷል። ከዚያ 12ኛ ክፍል ላይ ሲደረስ፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ተብሎ አገር ሲጮህ፣ እኔ የቲቸርን ዓይነት ክፍል ነበር የማስበው። 12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ ብዙውን ጊዜ የወደቀው ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የሚነገረው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ትምህርት ቤት ምን ነካው? ቲቸር ስሌቱን ደብተሬ ላይ ጻፈችልኝ። ክፍሏ ውስጥ ሃምሳ ልጅ አለ፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ሰላምታውን፣ ስም መጥራቱንና ሰሌዳ ማጥፋቱን ሁሉ ትተን ጊዜው በሙሉ ለንባብ ቢውል ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። በዚያ 48 ሰከንድ መምህሩ ልጁን ሊሰማ፣ ስሕተቱን ሊያርም፣ ሊያበረታታ ነው። ስለዚህ ክፍሉ በኅብረት ያነባል። በኅብረት ሲነበብ ደግሞ አሥሩ ያነባሉ፣ አርባው ይከተላሉ።

የግል ትምህርት ቤት ልጆችም ከዚህ አላመለጡም። ከስምንቱ ሁለቱ ከግል ትምህርት ቤት ናቸው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውኃ ያፈሱታል፣ አማርኛው ላይ ግን ይንገዳገዳሉ። እናቶቻቸው መጀመሪያ ያፈሩት በልጆቹ አልነበረም፤ በሱቅ ማስታወቂያ ነው። ልጁ የእንግሊዝኛውን አንብቦ ከሥሩ ያለውን አማርኛ «ማሚ፣ ይሄ ምን ይላል?» ብሎ ሲጠይቅ።

መምህር ክረምቱን ያርፋል የሚል ሰው መምህር አግብቶ አያውቅም። ቲቸር ዲግሪዋን የያዘችው በክረምት ትምህርት፣ ኮተቤ እየተመላለሰች ነው። ሌላው ሰው ቤቱ ገብቶ ጋቢ ሲደርብ እሷ ደብተር ይዛ በዝናብ ታክሲ ትጠብቅ ነበር። ትልቋ ልጇ እነዚያን ክረምቶች ያደገችው በአያቷ እጅ ነው። ዲግሪው ሲያልቅ የፈተና እርማት፣ እሱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ ሥልጠና መጣ። «ልጆቼን የማውቃቸው በእሑድ ብቻ ነበር» ትላለች። በዚህ ክረምት ግን ቤት ውላለች፤ ጠዋት ከልጆቿ ጋር ቁርስ በልታለች፤ ከሰዓት አስተምራለች፤ ማታ አንድ ጋቢ ለሦስት ተጋርተው አንብበዋል። ማስተማሩና ከቤተሰቧ ጋር መሆኑ የሚጋጩባት መስሎኝ ስጠይቃት ግራ ገባት። ሁለቱን ለይታ አታያቸውም።

የቤቱ ትልቅ አስተማሪ ግን አያትየዋ ናቸው። ልጆቹ ሁሉ «እማማ» ይሏቸዋል። ማታ ማታ ተረት ይናገራሉ፤ የቀበሮና የጅብ፣ የዝንጀሮና የገበሬ። ቲቸር ተረቱን ትልልቅ አድርጋ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች፤ በማግስቱ ልጆቹ እሱኑ ያነባሉ። ታሪኩን ስለሚያውቁት አይፈሩትም። በቃላቸው እንዳይወጡት ደግሞ ቲቸር ተንኮል ትሠራለች፤ ጅቡን አህያ ታደርገዋለች፣ ወንዙን ገደል። በትክክል የሚያነብ ልጅ «ቲቸር፣ እማማ እንዲህ አላሉም!» ብሎ ይጮኻል። እማማም ከጥግ ሆነው «ምን ብላ ጻፈች ደግሞ?» ይላሉ።

እማማ ራሳቸው ፊደል የቆጠሩት በጉልምስና ነው፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ። ዘመቻው የተጀመረው በዚያው ዓመት ሐምሌ፣ በመጀመሪያ በከተሞች ነበር። እማማ ቀን ሰው ቤት እንጀራ እየጋገሩ ማታ ቀበሌ ይሄዱ ነበር። ያስተማራቸው የሰፈር ልጅ ነበር፤ «ልጄ ሊሆን የሚችል ጎረምሳ» ነው የሚሉት። የምስክር ወረቀታቸው ዛሬም ከዳዊታቸው ጋር በአንድ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ስለዚያ ዘመቻ በግማሽ ልብ መጻፍ አይቻልም። በ15 ቋንቋዎች ተካሂዷል፤ ሚሊዮኖች ተመዝግበውበታል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝቷል። ያው መንግሥት ግን ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ፊደል የቆጠረውን ወጣት በዚሁ በአራት ኪሎና በፒያሳ ጎዳናዎች ሲረሽን ነው የከረመው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። እማማ ሁለቱንም ያስታውሳሉ፤ ስለ ሁለተኛው እንዳላነሳ ግን በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ልጆቹ ነበሩና።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትምህርቱ ሥላሴ ግቢ ይሆናል። ካቴድራሉ የተመረቀው በ1936 ዓ.ም.፣ ከጣሊያን ነፃ በወጣን ማግስት ነው። ሰው የሚመጣው የንጉሠ ነገሥቱን መቃብር ለማየት ነው፤ የቲቸር ልጆች ግን ለንባብ ነው የሚመጡት። የመቃብር ሐውልቶቹን እየዞሩ ስም ያነባሉ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን እዚህ ነው፤ አፈወርቅ ተክሌም እዚህ ነው፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያሉት ባለቀለም መስታወቶች የአፈወርቅ ሥራዎች መሆናቸውን ስትነግራቸው የካቴድራሉን መስኮት ቀና ብለው፣ ስሙን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ትንሹ ልጇ አንድ ሐውልት ላይ ዓመቱን ማንበብ አቅቶት ቆመ፤ በግእዝ ቁጥር ነበር። ወዲያው እዚያው ቆመው ፩፣ ፪፣ ፫ ተጀመረ። አንዲት እናት ከሩቅ እያዩ «መቃብር ላይ ልጅ ያጫውታሉ እንዴ?» ብለው አጉረመረሙ። ቲቸር ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና ወደ ቁጥሯ ተመለሰች።

በመመለሻችን ላይ አንዷ ልጅ ታክሲ ተራ ድረስ መሸኘት ነበረባት። ቤተሰቧ ዶሮ ማነቂያ ነበር የሚኖረው፤ በ2016 ዓ.ም. መጋቢት አካባቢ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል። ክረምቱን አክስቷ ዘንድ፣ እዚሁ ሥላሴ፣ ነው የምትከርመው፤ እሑድ እሑድ ወደ ቤተሰቧ ትሄዳለች። ስለ መፍረሱና ስለ መታደሱ ብዙ ተከራክረናል፤ እንቀጥላለን። ከክርክሩ የሚጎድለው ግን አንድ ነገር ነው። ያቺ ልጅ በፊት ማንበብ ያቃታትን ቃል የምትጠይቃቸው አምስት ጎረቤቶች ነበሯት፤ አሁን የምትኖረው የጎረቤቱን ስም ገና የማያውቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ሰፈር ሲፈርስ የልጅ አስተማሪም ይበተናል።

መጽሐፉ ከየት ይምጣ? ከሥላሴ በእግር የሚደረስበት አብርኆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲከፈት ለዚህ አካባቢ ልጆች ሎተሪ ነበር። ቲቸር ሳምንት በሳምንት ልጆቹን ትወስዳቸዋለች፤ ሊፍቱን እንዲረሱና መደርደሪያውን እንዲያስታውሱ ማድረግ ግን ሦስት ጉብኝት ፈጅቷል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ የሚሆን፣ ፊደሉ ትልቅ፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ታሪኩ የሚስብ የአማርኛ መጽሐፍ ጥቂት ነው። ለሕፃናት የተጻፈ ተብሎ የሚሸጠው ብዙው በምክር የታጨቀ ነው፤ ገጸ ባሕርይው ሳይስቅ ይመክራል፣ ሳይሮጥ ይመክራል። ልጆች ይህን ከሽታው ይለዩታል። ከዚህ የተለየ መንገድ ያሳዩን ሰዎች ነበሩ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍተዋል፤ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም በሐዋሳ ጀምረዋል። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ጸሐይ የተባለችውን ቀጭኔ በቴሌቪዥን ይዘው ሲመጡ ልጆች ሳያውቁት ፊደል ተምረዋል። ከእነሱ በፊት ደግሞ አባባ ተስፋዬ ሳህሉ ነበሩ፤ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ሲናገሩ የኖሩ።

ወደ ውጭ አገር ዘወር ብንል፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ለእኛም የሚሆን ነገር አለው። ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጽሐፍ አደሉ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ 12፣ በየዓመቱ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ። መጻሕፍቱን የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ሌላ ትምህርት አልተሰጠም። ልጆቹ መጽሐፍ ካልተሰጣቸው ይልቅ በንባብ ፈተና የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ይህን ለቲቸር ነገርኳት። ዝም ብላ አሰበችና «መምረጡ ነው ቁም ነገሩ» አለች። እሷ ቤት ትልቁ ቅጣት ሌላ ሰው የመረጠውን መጽሐፍ ማንበብ ነው።

ነሐሴ ሲገባ ቤቱ ጾመኛ ሆነ፤ ፍልሰታ ነው። ትምህርቱ ከቅዳሴ መልስ ወደሚጀምርበት ሰዓት ተገፋ። ወንዶቹ ልባቸው ጅራፍ ላይ ነው፤ ቡሄ ደርሷል። ቲቸር ጅራፉን አልነጠቀችም። ይልቅ ሆያ ሆዬ የሚሉበትን ግጥም ራሳቸው ይጻፉ አለች፤ የየቤቱን ባለቤት ስም እያስገቡ፣ ስንኙ ቤት እየመታ። ያ ሳምንት ከክረምቱ ሁሉ የሞቀው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ጩኸት፣ ስረዛ፣ «ቲቸር፣ ‹ሰው› በየትኛው ‹ሰ› ነው?» የሚል ጥያቄ። መዳፍ የተጫነበት ልጅ ለሦስተኛ ፎቅ ጎረቤት የጻፈው ስንኝ ሁለት የፊደል ስሕተት ነበረበት፤ ግን የራሱ ነው፤ ሲያነበውም ስንጥሯን ከፊደሉ አላነሳትም። በቡሄ ማታ ከዚያ ቤት ሙልሙል ብቻ ሳይሆን 100 ብርም አገኙበት። እማማ ድርሻቸውን ጠየቁ፤ ሙልሙሉን ሰጧቸው።

የከተማው ወጣቶች በክረምት በጎ ፈቃድ በየትምህርት ቤቱ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ የሚመሰገን ነው። ግን ብዙው ጊዜ የሚሰጠው ለሒሳብና ለእንግሊዝኛ፣ ለፈተና ለሚቀርቡ ክፍሎች ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያለው ልጅ ቤት ይቀራል። እንደ እኔ ቢሆን ነገሩን እገለብጠው ነበር፤ የበጎ ፈቃዱ ግማሽ ያህል ለትንንሾቹ፣ አንድ ወጣት ለአራት ልጅ፣ ማንበብ ብቻ። አዳራሽም ሰሌዳም አያስፈልግም።

በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ቲቸር ፊት ሃምሳ አዳዲስ ልጆች ይቀመጣሉ፤ የክፍሏ ቤተ መጻሕፍት አንድ ካርቶን ነው፤ ከካርቶኑ ውስጥ ግማሹ ማንም ያላነበበው የእንግሊዝኛ ውዳቂ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልጅዎ ያደገበት የአማርኛ የተረት መጽሐፍ ቤትዎ ተቀምጦ ከሆነ፣ ሽፋኑ ቢቀደድም ግድ የለም፣ ለሰፈርዎ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ይስጡት። ለርእሰ መምህሩ ቢሮ ሳይሆን ለሁለተኛ ክፍል መምህሯ እጅ ይድረስ።